ለሦስት ልጆች የሚሆን ያገለገለ መኪና፦ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ወይስ ዲዛየር?

የአራብሳው

ሰላም ቤተሰብ። መኪና ልገዛ ነውና ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ መገናኛ ትሠራለች። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ መካከለኛው ስድስት፣ ትንሿ ገና ዓመት ከመንፈቅ። ጠዋት ሁለቱን ትምህርት ቤት አድርሰን፣ ትንሿን እናቴ ጋ ትተን ነው ወደ ሥራ የምንሮጠው። እስካሁን በታክሲና በራይድ ተገፋ። አሁን ግን ወጪው ከበደን። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ራይዱም አይገኝም።

ያለኝ 2.3 ሚሊዮን ብር ነው። የእቁብም የቁጠባም ገንዘብ ነው። ስም ማዛወሪያው፣ ኢንሹራንሱ፣ ከተገዛ በኋላ የሚደረገው ሰርቪስ ሁሉ ከዚሁ ውስጥ ነው የሚወጣው። ብድር ውስጥ መግባት አልፈልግም።

እስካሁን የቀረቡልኝ አራት ናቸው። አንዱ የ2003 ቪትዝ ነው። ሁለተኛው የ2008 ያሪስ፣ ባለ አጭሩ። ሦስተኛው የ2004 ኮሮላ 1.6፣ ማኑዋል። አራተኛው የ2018 ዲዛየር፣ ራይድ ሲሠራ የቆየ። (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ደላላው ስለ አራቱም የሚለው አንድ ነው፦ «ንጹህ ናት፣ ሙሉ ኦፕሽን፣ ቀለሟ ያልተነካ።»

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ነዳጅ የማትበላ ትሁን፤ ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛው ግን ለእኔ ይበልጣል። ለበዓል ደሴ ነው የምንሄደው፣ የባለቤቴ ቤተሰቦች እዚያ ናቸው። የጣርማ በርን ቁልቁለት ልጆቼን ይዤ ስወርድ ልቤ እንዲያርፍ እፈልጋለሁ። አደጋ አይምጣ እንጂ ቢመጣ ልጆቼን የምታተርፍ የትኛዋ ናት?

ኤሌክትሪክ ግዛ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አስቤበታለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ቻርጅ የማደርግበት ቦታ የለኝም፤ ደሴ መንገድ ላይም አላምነውም። ስለዚህ ከቤንዚን መኪና ውስጥ ምረጡልኝ።

---

ነጭ ዲዛየር

ሰላም ወንድሜ። እኔ በዲዛየር ራይድ እሠራለሁ። ስለ ነዳጁ ልንገርህ።

የኔዋ 1.2 ማኑዋል ናት። ከተማ ውስጥ በሊትር 15 እና 16 ኪሎ ሜትር ትሄድልኛለች። በአዳማው ፈጣን መንገድ፣ ከ90 ሳላልፍ ስነዳ ደግሞ ከዚያም ትሻላለች። ቪትዝ 1.0 የሚነዱ ጓደኞቼ ከተማ ውስጥ 13 እና 14 ነው የሚነግሩኝ። ኮሮላ 1.6 በመገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ከ10 ብዙም አታልፍም።

ግን አንድ ነገር አስብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲነዳ ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን ያህል ያጣል። የቪትዝ 1.0 ሞተር መጀመሪያውኑ ትንሽ ናት። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭነህ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምታለቅሰው። ጉልበት የሌላት መኪና ሲኖትራክ ለመቅደም ስትሞክር አደጋ ናት። ነዳጅም ቢሆን ያን ጊዜ አትቆጥብልህም፤ እስከ ወለሉ ረግጠሃታልና።

የራይድ ዲዛየር መግዛቱን ግን አልመክርህም። የራሴን ሥራ ማጣጣሌ አይደለም። ራይድ የሠራ መኪና ቀኑን ሙሉ ሲነሳና ሲቆም የዋለ ነው። ፍሪሲዮኑ፣ የፊት እግሩ፣ የወንበሩ ስፕሪንግ ሁሉ ያልቃል። ኪሎ ሜትሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወርዶ ነው የሚሸጠው። ከግለሰብ እጅ ያልወጣች፣ ሥራ ያልገባች ካገኘህ ሌላ ነገር ነው።

---

ላሜራው

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተና ለቤተሰብህ።

እኔ ጎተራ አካባቢ ላሜራና ቀለም ነው የምሠራው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ነው። የጻፍከውን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ደላላው «ንጹህ ናት» የሚልህ መኪና እንዴት እንደሚነጻ አውቃለሁና።

አንተ የጠየቅከው «የትኛው ሞዴል?» ብለህ ነው። እኔ ግን ከሞዴሉ በፊት የማየው የትኛዋ ተመትታ እንደተሠራች ነው። ያልተመታች ቪትዝ ተመትታ ከተሠራች ኮሮላ ትሻላለች። ያልተመታች ኮሮላ ደግሞ ከሁሉም ትበልጣለች።

እኛ አገር መኪና አይጣልም። በእኛ አቆጣጠር የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና በየዓመቱ ይወደዳል። ሌላ አገር ኢንሹራንስ «አበቃለት» ብሎ ለብረት ሻጭ የሚሰጠው መኪና እዚህ ይሠራል። ተሠርቶም በሚሊዮን ይሸጣል። ሠሪው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሥራው አለ፣ ዋጋውም ያዋጣል። ገዢው ግን ማወቅ አለበት።

ኮፈኑን ክፈትና ከሞተሩ ግራና ቀኝ ወደ ፊት የሚወጡትን ሁለት ወፋፍራም ብረቶች ፈልግ። የእነዚያ ብረቶች ሥራ ግጭት ሲመጣ መታጠፍ ነው። እነሱ ሲታጠፉ ነው ጉልበቱ ሰው ጋ ሳይደርስ የሚያልቀው። አንዴ ታጥፎ፣ በእሳት ሞቆ፣ በሰንሰለት ተጎትቶ የተቃና ብረት ሁለተኛ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አይታጠፍም። ወይ ቶሎ ይሰጣል፣ ወይ ደርቆ ግፊቱን ቀጥታ ወደ ሾፌሩ እግር ያስተላልፋል። ከላይ የተቀባው ቀለም ምንም ቢያበራ ይህን አይለውጠውም። እጅህን በብረቱ ላይ አሂድ። የመዶሻ ጠባሳ፣ የብየዳ ጉብታ፣ ከሌላው ብረት የተለየ ቀለም ካገኘህ ተወው። በዚህ ነገር ዋጋ መደራደር አያስፈልግም።

የበሩን ጎማ በእጅህ ጎትተህ ንቀለው፤ ተመልሶ ይገጠማል። ከሥሩ ፋብሪካው የነቆጣቸው ክብ የብየዳ ምልክቶች አሉ። በእኩል ርቀት፣ በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው። በአንደኛው በር ላይ ካሉ፣ በሌላኛው ላይ ግን በስቱኮ ተሸፍነው ካጣሃቸው ያ ወገን ተቆርጦ ነበር ማለት ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ። ስቱኮ የበዛበት ቦታ ላይ አይዝም።

የመስታወቶቹን ጥግ አንብብ። ፋብሪካው ሲሠራ ሁሉም መስታወት የአንድ አምራች፣ የአንድ ዘመን ምልክት ነው ያለበት። አንዱ ብቻ ከተለየ ለምን እንደተለወጠ ጠይቅ። ጠጠር ሰብሮት ሊሆን ይችላል። የፊቱም የግራ በሩም አብረው ከተለዩ ግን ጠጠር አይደለም።

ኤርባጉን ደግሞ እንዲህ ነው የምታየው። ቁልፉን ክፈት፣ ሞተር ግን አታስነሳ። ቀይዋ የኤርባግ ምልክት መብራት፣ ስድስት ሰከንድ ያህል ቆይታ ራሷ መጥፋት አለባት። ጭራሽ ካልበራች አምፖሏ ተነቅሏል። ሞተር እስክታስነሳ ድረስ ካልጠፋች ደግሞ ከዘይት ወይም ከባትሪ መብራት ጋር አያይዘዋታል ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ ከሽፋኑ ሥር ኤርባግ የለም ብለህ ያዝ። የፈነዳ ኤርባግ ውድ ስለሆነ ሽፋኑን ብቻ አስመስለው የሚለጥፉ አሉ። እኔ ዳሽቦርድ ፈትቼ ባዶ ያገኘኋቸው ጥቂት አይደሉም። ባለቤቶቹ ኤርባግ አለኝ ብለው ነበር ልጆቻቸውን ይዘው የሚነዱት። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ቪትዟ ልምጣ። የሻንሲ ቁጥሯን ሊብሬው ላይ ተመልከት። «ኤስሲፒ10» ወይም «ኬኤስፒ90» ብሎ ጀምሮ፣ ከሰረዝ በኋላ ቁጥር ብቻ ከሆነ ለጃፓን አገር ውስጥ የተሠራች ናት። ጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። ታዲያ ያንተ መሪ እንዴት ግራ መጣ? ዱባይ ወይም ሌላ ቦታ ዞሯል ማለት ነው። ሲያዞሩ ዳሽቦርዱን ይቆርጣሉ፣ የመሪውን መያዣ በብየዳ ይተክላሉ። የፍሬን ማጉያው በቀኝ ቀርቶ ፔዳሉ በረጅም ዘንግ የተገናኘበትንም አይቻለሁ። የሾፌሩ ኤርባግ ቢኖር እንኳ ፋብሪካው ያሰበበት ቦታ ላይ የለም። ለሦስት ልጆች አባት እንዲህ ያለችውን አልመርጥም፤ ዋጋዋ ቢቀንስም።

ሊብሬ ለማሳየት የሚያቅማማ ሻጭ ከገጠመህ የዝናብ መጥረጊያዋን አስነሳ። መጥረጊያው ሲመለስ ያልተጠረገው ሰፊ ጥግ በሾፌሩ በኩል ከቀረ መሪዋ ዞሯል። ሌላው ሁሉ ሲደበቅ ይቺ አብዛኛውን ጊዜ ትረሳለች።

ያሪሷ የሻንሲ ቁጥሯ በ«ቪኤንኬ» ከጀመረ ፈረንሳይ፣ ቫለንሲየን ከተማ ካለው የቶዮታ ፋብሪካ የወጣች ናት። ኮሮላዋ በ«ኤንኤምቲ» ከጀመረች ቱርክ፣ በ«ኤስቢ1» ከጀመረች እንግሊዝ ነው የተሠራችው። እነዚህ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ በኤርባግና በቀበቶ የተሻሉ ሆነው ነው የማገኛቸው።

ነዳጁን በተመለከተ ነጭ ዲዛየር የጻፈው ትክክል ነው። ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻ እናድርሰው። በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ትነዳለህ እንበል። ያሪስ 1.0 በሊትር 14፣ ኮሮላ በሊትር 10 ተኩል ብትሄድ ልዩነቱ ወደ 360 ሊትር ነው። ሊትሩን በ130 ብር ብንቆጥረው 47 ሺህ ብር ገደማ ይመጣል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ተመትታ የተሠራች መኪና ጎማ ስታዳላ፣ ራዲያተሯ ስታፈስ፣ ኩሽኔታዋ ሲጮኽ በአንድ ዓመት ከዚያ በላይ ትበላሃለች። ሻንሲዋ የተጣመመ መኪና እኮ ነዳጅም ትጨርሳለች፤ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው አይሄዱማ።

ስለዚህ ከአራቱ የእኔ ምርጫ፣ ያልተመታች ሆና ከተገኘች፣ ኮሮላዋ ናት። ቀጥላ ያሪሷ፣ «ቪኤንኬ» ከሆነች፣ ሞተሯም 1.3 ከሆነ። ቪትዟን ተዋት።

---

እናት ሰሚት

ላሜራው የጻፈውን ባሌም እንዲያነበው ልኬለታለሁ። እግዜር ይስጥልን።

እኔ ስለ ልጆቹ ልጨምር። መኪና አይተህ ስትመለስ የኋላ ወንበሩን ለማየት ጊዜ አትሰጥም፤ ወንዶች ሁላችሁም ኮፈን ከፍታችሁ ነው የምትቀሩት። ልጆችህ የሚቀመጡት ግን ከኋላ ነው።

መጀመሪያ የመካከለኛውን ቀበቶ ተመልከት። በአንዳንድ አሮጌ ትናንሽ መኪናዎች የመሀሉ ቀበቶ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው። ትከሻ ላይ የሚያልፍ የለውም። ሦስት ልጅ ካለህ አንዱ የግድ እዚያ ይቀመጣል። ሦስቱም ቦታ ላይ ትከሻ የሚይዝ ቀበቶ ያላትን ምረጥ። እያንዳንዱን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሳብና ልቀቀው። ዘግይቶ የሚጠቀለል፣ የተበጣጠሰ፣ የተቋጠረ ካለ መለወጥ አለበት። ከቀበቶው ግርጌ የተሠራበት ዘመን የተጻፈበት ጨርቅ አለ። እሱ ከመኪናው ዘመን ጋር መስማማት አለበት።

ከዚያ በወንበሩ ጀርባና መቀመጫ መሀል ጣትህን አስገባ። ከውጭው ሁለት ቦታዎች ላይ ቀጭን ብረት ቀለበት ከነካህ የልጅ ወንበር የሚያዝበት አይሶፊክስ አላት። የአውሮፓዎቹ ያሪሶች አላቸው። ከሌላትም ተስፋ አትቁረጥ፤ በቀበቶ የሚታሰር የልጅ ወንበር አለ።

ትንሿን ልጅህን እባክህ በእናቷ እቅፍ አትጫኑ። እኛ አገር ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ እናት ታቅፋ ቀበቶውን ለሁለት ታስራለች። ይህ ከምንም ይከፋል። ግጭት ሲመጣ የእናቷ ክብደት በሙሉ ልጇ ላይ ነው የሚያርፈው። ያለ ቀበቶም ቢሆን ምንም ክንድ በዚያ ፍጥነት ልጅ ይዞ አያስቀርም። ዓመት ከመንፈቅ ላለች ልጅ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ የምትቀመጥበት ወንበር ነው የሚሻለው። አንገቷ ገና አልጠነከረም። እሱን ወንበር ግን ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ በፍጹም አታስቀምጠው። ኤርባጉ ሲፈነዳ የወንበሩን ጀርባ ነው የሚመታው።

የስድስት ዓመቱ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያስፈልገዋል። የዘጠኝ ዓመቷን ደግሞ ለካት። አውሮፓ ውስጥ ልጅ እንደየአገሩ 135 ወይም 150 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ ድረስ ያለ ልጅ መቀመጫ አይነዳም። ቀበቶው አንገቷን የሚነካ ከሆነ ገና ናት።

ሜትር ይዘህ ሂድ። ሦስት የልጅ መቀመጫ ጎን ለጎን የሚገባው ሁሉም መኪና ውስጥ አይደለም። በቪትዝና በያሪስ ጠባብ ነው። ለመሀለኛው ጀርባ የሌለውን ቀጭን መቀመጫ ብትገዛ በሩ ይዘጋልሃል። ከ2.3 ሚሊዮኑ ላይ ለልጅ ወንበር የሚሆነውን አሁኑኑ ለይተህ አስቀምጥ። በኋላ እገዛለሁ ካልክ አትገዛውም፤ ሌላ ወጪ ይቀድመዋል።

---

ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ ከወዲህ ማዶ። አጠር አድርጌ ልጻፍ።

ስለ ግጭት ፈተና የሚያውቅ ሰው ብዙ ስላልሆነ ልናገር። የአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ የመጀመሪያውን ያሪስ በ2000፣ ያቺን የኮሮላ ዓይነት በ2002 ፈትኖ ለሁለቱም 4 ኮከብ ሰጥቷል። በ2005 የወጣው ያሪስ 5 ኮከብ አግኝቷል። ጠያቂው ያያት የ2008ቷ ከዚህኛው ዓይነት ናት። ግን የተፈተነችው የአውሮፓዋ ናት፣ ከነሙሉ ኤርባጓ። ኤርባግ የተቀነሰባት የሌላ ገበያ ያሪስ ያንን ኮከብ አታገኝም። ላሜራው የሻንሲ ቁጥሩን ፊደል እይ ያለው ለዚህም ይጠቅማል።

ዲዛየርን ግሎባል ኤንካፕ ፈትኗታል። ያለፈው ትውልድ 2 ኮከብ ነው ያገኘው። በ2024 የወጣው አዲሱ 5 አግኝቷል። የ2018ቷ አሮጌው ውስጥ ነው የምትገባው። ኮከቦቹ ግን በየዘመኑ መስፈርታቸው ስለሚለያይ የ2002ን 4 ኮከብ ከዛሬው 4 ጋር አታወዳድሩት።

ሌላው ታካታ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ጉዳይ ነው። የኤርባጉ ማፈንጃ በሙቀት፣ በእርጥበትና በዕድሜ ብዛት ይበላሻል። ሲፈነዳ ብረት ይበትናል። በዓለም ዙሪያ ሰው ሞቶበታል። ለመለወጥ ከተጠሩት ውስጥ ኮሮላና ያሪስ አሉበት። የአሜሪካ መኪና ከሆነ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር በመንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል። ለአውሮፓዎቹ የየአገሩ የቶዮታ ድረ ገጽ ላይ ሞክሩ። ለጃፓኖቹም ቶዮታ ጃፓን ገጽ አለው። ጠያቂው ቁጥሩን በውስጥ መልእክት ቢልክልኝ አይቼ እነግረዋለሁ። እዚህ በግልጽ አትለጥፈው።

---

የአራብሳው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ላሜራው፣ እድሜ ይስጥዎ። «ጋሼ» ያልኩት ከጻፉት ተነስቼ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ያሉኝን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ወጣሁ። ቪትዟ እንዳሉት ናት፤ ሊብሬዋ ላይ «ኤስሲፒ10» ይላል። የዝናብ መጥረጊያዋንም አየሁት። ደላላው «ምን ችግር አለው፣ ሁሉም ቪትዝ እንደዚህ ነው» አለኝ። ትቻት መጣሁ።

ኮሮላዋ አሳዘነችኝ። ከውጭ በጣም ታምራለች። ከኮፈኑ ሥር የግራው ብረት ላይ ግን ብየዳ አለ፣ ቀለሙም ይለያል። የኤርባጓ መብራት ሞተር እስኪነሳ አልጠፋም።

ዲዛየሯን የነጭ ዲዛየርን ምክር ሰምቼ አላየኋትም።

ያሪሷ ናት የቀረችው። «ቪኤንኬ» ብላ ነው የምትጀምረው። 1.3 ናት፣ ማኑዋል። ባለቤቷ አስተማሪ ናቸው፣ ከሥራ ወደ ቤት ብቻ ነው የነዷት። የኤርባግ መብራቷ ልክ እንዳሉት በርቶ ጠፋ። ከኋላ ሦስቱም ቀበቶ ትከሻ ይይዛል፣ አይሶፊክስም አላት። ለሜሪላንድ ቁጥሩን ልኬለታለሁ። ችግሩ የቀኝ የኋላ በሯ መስታወት ከሌሎቹ ይለያል፤ በዚያ በር ላይ ማግኔቱ ከታች በኩል አልያዘም። ባለቤቱ «ሞተር ሳይክል ገጭቶኝ ነው» አሉ። ልተዋት ወይስ ልያዛት? ዋጋዋ ለሌላው ወጪ ትንሽ ያስተርፍልኛል።

---

ላሜራው

ጋሼ ማለትህ ትክክል ነው፣ ልጄ።

ያሪሷን አትተዋት፣ ግን ገና አትያዛት። በር ተለውጦ ወይም ተስተካክሎ ከሆነ ምንም አይደለም፤ በር ይፈታል፣ ይገጠማል። እኔን የሚያሳስበኝ ከበሩ ጀርባ ያለው ነው። በፊትና በኋላ በሮች መሀል የቆመው ምሶሶ እና ከበሮቹ ሥር በርዝመት የሚሄደው ደፍ። ከጎን ግጭት ሲመጣ ልጆችህን የሚይዙት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። ሁለቱንም በሮች በቀኝ በኩል ክፈትና ጎማቸውን ንቀል። ክብ የብየዳ ነጥቦቹን ከግራው ወገን ጋር አስተያይ። ቁጥራቸውም ርቀታቸውም አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ደፉ ላይ ያለውን ፕላስቲክ አንስተህ ምንጣፉን ገለጥ አድርግ። ከሥሩ የፋብሪካው ቀለም ካለ፣ ዝገትም ብየዳም ከሌለ፣ ሰውየው እውነታቸውን ነው።

በሮቹን በቀስታ ዝጋቸው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ሳይነሱና ሳይገፉ መዘጋት አለባቸው። በበሩና በኋላ ጭቃ መከላከያው መሀል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው ወይ? ጣትህን አስገብተህ ለካው።

ሊፍት ያለው ጋራዥ አስገባትና ከሥር ይታይልህ። የሻጩ ጋራዥ አይሁን፣ ደላላው የመራህም አይሁን። የሚከፈለው ጥቂት ነው። ራዲያተሩን ሞተሩ ሳይሞቅ ክፈቱ፤ ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ የሞተሩን ራስ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ሄዷል። ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ ማስወረድ ደግሞ ገንዘብህን ይበላዋል።

ጎማዎቹ ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ። «2319» ቢል በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ዕድሜው ከሄደ ጎማ ይደርቃል፤ ዝናብ ላይ አይይዝም። ስኮርታዋንም (ትርፍ ጎማዋን) እያት፣ እሷን ማንም አያያትም። ያረጁ ከሆኑ ከዋጋው ላይ አስቀንስና አራቱንም ለውጥ። ከነዳጅ ቆጣቢ ሞተር ይልቅ ጣርማ በር ላይ የሚያወርድህ ጎማና ፍሬን ነው። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሯ እየያዘችህ ውረድ። ፍሬን ረግጠህ እስከ ደብረ ሲና ከወረድክ ይሞቅና አይይዝልህም። የሞላ መኪና ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ወረቀቱን አትርሳ። ሊብሬው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ ይሁን። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት ከትራንስፖርት ቢሮው አረጋግጥ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናዋ ላይ ራስህ አንብበህ ከሊብሬው ጋር አስተያይ፤ በፎቶ አትመን። አስተማሪው ባለትዳር ከሆኑ ባለቤታቸውም ውልና ማስረጃ መጥተው መፈረም አለባቸው። የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይሸጥም። ይህን አስቀድመህ ንገራቸው፣ በቀጠሮው ቀን እንዳትመላለሱ። ቀብድም ከዚህ ሁሉ በፊት አትክፈል።

የምሶሶውንና የደፉን ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልኝ። በቀን ብርሃን አንሳው፣ በፍላሽ አይሁን፤ ፍላሽ ስቱኮ ይደብቃል። ማታ ከሥራ ስገባ አየዋለሁ።